ባለቤት ያጣ ቃል

ይቅርታ አድርጉልኝ። መጻፍ የተማረ ሰው ሥራ መሆኑን አላጣሁትም። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ለፊርማና የሱቅ ስም ለማንበብ ያህል ነው። ደብዳቤ እንኳ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው ማኅተሙን ነው፤ ማኅተም ካለው እፈራለሁ፣ ከሌለው ለሚስቴ እሰጣታለሁ። ታዲያ ምን አግብቶህ ብዕር ያዝክ ትሉኝ ይሆናል። የጎረቤቴን፣ የመጋረጃ ሰፊውን ነገር ሰፈሩ ሁሉ እያጣመመ ሲያወራው ሆዴ አልችል ብሎ ነው። አንዱ አብዶ ነበር ይላል፣ ሌላው ባንኩን ከሶ ረታው ይላል። አላበደም፤ አልከሰሰምም። ቁምሳጥኑን በግርጌ በኩል የተሸከምኩት እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ። ያላየሁትን ደግሞ እሱ ራሱ ነግሮኛል። ፊደል ከሳትኩ ፊደሉን ተዉትና ሰውየውን እዩልኝ።

ሰውየውን ሰፈሩ «ጋሼ መጋረጃ» ነው የሚለው። ለሥራው ብቻ አይደለም፤ ለጠባዩም ነው። ሲስቡት ይሳባል፣ ሲገፉት ይገፋል፣ ድምፁ አይሰማም። ደንበኛ መጥቶ የመስኮቱን ልክ አሳስቶ ቢነግረው፣ መሳሳቱን እያወቀ በተነገረው ልክ ይሰፋዋል። ከዚያ መጋረጃው ጉልበት ላይ ሲቀር ጨርቁን ከራሱ አውጥቶ ይቀጥልለታል። «ለምን መጀመሪያውኑ አትጠይቀውም?» ስትለው ሚስቱ፣ «ሰውየው ቅር ቢለውስ?» ይላታል።

ሚስቱ ሌላ ፍጥረት ናት። የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ኃላፊ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ከማጠቢያ ማሽን ጋር እየተጯጯኸች ስለምትውል፣ እቤት ገብታ «ጨው አቀብለኝ» ስትል ሦስተኛው ቤት ያለው ሰው ጨው ይፈልጋል። አብረዋቸው የምትኖረው የእሷ እናት ናት፤ ሁላችንም እማማ ነው የምንላት።

ቤቱን የገዙት በባንክ ብድር ነው። የተፈራረሙ ዕለት የባንኩ ሰው ውሉን እንደ ዳዊት በአንድ ትንፋሽ አነበበው። ጋሼ መጋረጃ ከዚያ ሁሉ ንባብ አንዲት ነገር ብቻ ጆሮው ውስጥ ቀረች፦ ተበዳሪው ያለ ባንኩ ፈቃድ በቤቱ ላይ ለውጥ ማድረግ አይችልም። ያቺ አንቀጽ ከእነሱ ጋር አብራ ቤት ገባች። ሶፋው ላይ ተቀመጠች፣ አልጋው ላይ ተኛች። ጋሼ መጋረጃ የግድግዳ ሰዓት ገዝቶ ሚስማር ለመምታት እጁ አልታዘዝ አለው። ሚስማር ለውጥ ይሁን አይሁን ማን ያውቃል? እስኪ ጠይቄ ልምጣ ብሎ ባንክ ሄደ፣ ተሰለፈ፣ ተራው ደረሰ። «ምን ልታዘዝ አባት?» አለችው ልጅቷ። ጋሼ መጋረጃ ወደ መሬት አየ፣ ወደ ጣሪያ አየ፣ ከዚያ «ኧረ ምንም፤ ደህና መሆናችሁን ለማየት ብቻ ነው» ብሎ ተመለሰ። ሰዓቱም ሶፋው ላይ እንደ እንግዳ ተቀምጦ ቀረ። እኔ ራሴ ሁለቴ ቁጭ ብዬበታለሁ።

ታዲያ አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ወጥ ቤቱ ውስጥ ብርሃን አየ። መብራት አይደለም፤ የፀሐይ ብርሃን። ሚስቱ ግንበኛ ጠርታ፣ እንፋሎቱ እናቷን አፈናት ብላ፣ ግድግዳውን አስበስታ ትንሽ መስኮት አስከፍታለች።

«ባንኩን አስፈቀድሽ?» አላት፣ ግድግዳውን ተደግፎ።

«ባንኩ ነው እንዴ የሚታፈነው?»

«ውሉ እኮ...»

«ውሉ ወጥ ይሠራል? ሽንኩርት ይከትፋል? ተወኝ እባክህ!»

እሱም አልተከራከረም። ሱቁ ሄዶ የግድግዳውን ቀለም ቁርጥ የሚመስል ወፍራም ጨርቅ መረጠ። ከቀለሙ ጋር ለማመሳሰል የግድግዳ ቅርፊት በወረቀት ጠቅልሎ ይዞ ነበር የሄደው። መጋረጃ ሰፍቶ መስኮቷን ከደናት። ሚስቱ ጠዋት ትገልጠዋለች፣ እሱ ማታ ይከድነዋል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ኮት የለበሰ ሰው በመንገድ ሲያልፍ ባየ ቁጥር ልቡ ድንግጥ ይላል።

ጣሪያው ማፍሰስ ሲጀምር ደግሞ ሚስቱ የጥገና ብድር እንጠይቅ አለች። ማመልከቻውን እሷ አጻፈች፣ እሱ አስገባ። ሲያስገባ በሆዱ «ምነው በጠፋ» እያለ ነው። ጣሪያውን ሊያይ የሚመጣ ሰው ዓይኑን ጣሪያ ላይ ብቻ ሰቅሎ አይመለስም፤ መስኮቷን ማየቱ አይቀርም። ባንኩም የልቡን የሰማ ይመስል ዝም አለ። ክረምቱ መጣ፣ ባልዲ ከባልዲ ጋር ተጨዋወተ፣ ክረምቱ ሄደ። ሚስቱ እየሄደች ስትጠይቅ «በሂደት ላይ ነው» ይሏታል። «በሂደት ላይ ከሆነ እስካሁን በእግሩም ቢሆን ይደርስ ነበር» ትላለች።

እንግዲህ አንድ ቀን፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ፣ ጋሼ መጋረጃ ሱቁ ውስጥ የአንድ ሆቴል መጋረጃ እየዘመዘመ ስልኩ ጮኸ።

«አባት፣ ከባንክ ነው የምንደውለው። እንደምን ዋሉ? ጉዳይዎ አልቋል።»

«አልቋል?»

«አዎ፣ ኮሚቴው ትናንት ተሰብስቦ ወስኗል። ነገ ይለቀቃል።»

እግሩ የስፌት መኪናው መርገጫ ላይ ደረቀ።

«ነገ?»

«ነገ። ጠዋት ባለሙያ ይመጣና ቤቱን ያያል፣ ከዚያ በቃ ይለቀቃል። ሰው ግን እቤት ይኑር እሺ?»

«ሁሉም... ሁሉም ነው?»

«ሁሉም! ተቆርጦ የሚቀር የለም።»

«ትንሽ ጊዜ ቢሰጠን...»

«ኧረ አባቴ፣ እስካሁን የጠበቁትም ይበቃል፤ እኛም አፍረናል። እናንተ ምንም አይጠበቅባችሁም። በሩን መክፈት ብቻ ነው።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አላትና ስልኩ ተዘጋ።

በኋላ ከሁሉ ያንገበገበው ይሄ ነው። «ቤቴን ስትቀማኝ አመሰገንኳት እኮ» ይለኝ ነበር።

እኔ ከትምህርት ቤት ይዤው የወጣሁት ነገር ትንሽ ነው። አስተማሪያችን ግን ጥቁር ሰሌዳው ላይ ዓረፍተ ነገር ይጽፉና «ባለቤቱ ማነው?» እያሉ በማስመሪያ ሲመቱን አስታውሳለሁ። ያኔ የቤት ባለቤት የሚጠይቁን እየመሰለኝ «አባቴ» ብዬ ተቀጥቻለሁ። ይኸው ዛሬ ገባኝ። «ይለቀቃል» የሚለው ቃል ባለቤት አልነበረውም። ጋሼ መጋረጃ ደግሞ ደግ ሰው ነው፤ ባዶውን የመጣ ቃል ባዶውን አይመልስም፤ የራሱን ቤት አንስቶ ሰጠው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ብሎ ስንት ዓመት ሲጠብቀው የኖረ ነገር ስለሆነ «ምኑ?» ብሎ መጠየቅ ትዝም አላለው።

ሱቁን ዘግቶ ወደ ቤቱ ሲገሰግስ መንገዱ ማዕዘን ላይ የሰፈራችን ቤት ደላላ አገኘው። ይሄ ደላላ «አለቀ ደቀቀ» ነው ቅጽል ስሙ፤ ያልተጀመረውንም ነገር «አለቀ ደቀቀ» ስለሚል።

«ጋሼ መጋረጃ! ምነው ፊትህ እንዲህ ጠቆረ?»

ጋሼ መጋረጃ ለማንም ላይናገር ወስኖ ነበር። ግን ሲጠየቅ እምቢ ማለት አያውቅበትም። ሁሉንም ነገረው።

«ይለቀቃል አሉህ? በኮሚቴ?» ደላላው በሐዘን ከንፈሩን መጠጠ፤ ዓይኑ ግን ቤቱን በሐሳቡ እየለካ ነበር። «በኮሚቴ ከሆነማ አለቀ ደቀቀ። አይዞህ ወንድሜ። እኔ እያለሁ ሜዳ ላይ አትወድቅም።»

ወሬው ቀድሞት ቤቱ ደረሰ። እሱ በሩን ሲከፍት እኛ ጎረቤቶች ከደጁ ቆመን ነበር። እማማ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች።

«እማማ፣ ነገ ልንለቅ ነው» አላት።

እማማ ክሯን ቆጠረችና ቀና አለች። «የምንሄድበት ቤት ፀሐይ አለው?»

«እንጃ እማማ።»

«እንጃ አይባልም። ሳይታይ ቤት ይገባል? ለመሆኑ ኮረብታ ላይ ነው? ኮረብታ ከሆነ እኔ አልሄድም።»

ሰውየው ፈሪ ነው፣ ሰነፍ ግን አይደለም። ነገ የባንክ ሰው መጥቶ ዕቃውን በእግሩ እየገፋ ሲያወጣበት ከሚያይ፣ እሱ ራሱ በክብር ቢያወጣው ይሻላል አለ። እኛም ገባንበት። መቼም ሰፈራችን ዕቃ ለማውጣት አንደኛ ነው! ወደ ቤት የሚገባ ዕቃ ሲሆን ወገቡን የሚያመው ሁሉ ያን ቀን ጎልማሳ ሆነ። አልጋው ወጣ፣ ጠረጴዛው ወጣ፣ ቁምሳጥኑን እኔና እሱ በጎኑ አጋድመን አወጣነው። በሩ ላይ ሲጠብብን «ቀስ፣ ቀስ፣ በሩን እንዳትፍቀው፤ የባንክ ነው» ይለኛል። ላብ እያጠመቀን የባንክ በር እንጠብቃለን።

ለማጽናናት የመጣው ሰው ሁሉ ደግሞ ባዶ እጁን አልተመለሰም። «አደራ ልያዝልህ» የሚለው በዛ። ከላይ በኩል ያለችው ጎረቤት የውሃ በርሜሉን እየዳሰሰች «ይሄንን እኔ ጋ ላስቀምጥልህ ወንድምዓለም፤ ሳየው እናንተን አስባለሁ» አለችና ሁለት ሰው አሸክማ ወሰደችው። ጡረታ የወጣው ፖሊስ መሰላሉን «ለጥንቃቄ» ወሰደው። ጋሼ መጋረጃ ለሁሉም «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል።

ሚስቱ ከሥራ ስትመጣ ቤቷ ውጭ ነው። አልጋዋ ግቢው መሐል ተዘርግቷል፣ አልጋው ላይ እናቷ ጃንጥላ ዘርግታ ሹራቧን ትሠራለች። ከጎኗ ሰዓቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይቆጥራል።

«ምንድን ነው ይሄ? ቤቱ አስታወከ እንዴ?»

ሁላችንም ወደ ጫማችን አየን። ጋሼ መጋረጃ ቀረብ ብሎ፣ «ባንኩ ደወለ። ነገ ይለቀቃል አሉ» አላት።

«ምኑ?»

«ቤቱ ነዋ።»

«ቤቱ አሉህ?»

«ይለቀቃል ነው ያሉኝ።»

«እሱንማ ሰማሁ! እኮ ምኑ? ውሃም ይለቀቃል፣ ውሻም ይለቀቃል!»

«ባለሙያ መጥቶ ቤቱን ያያል አለች፤ በሩን ክፈቱ አለች፤ ኮሚቴው ወሰነ አለች፤ ከዚህ ወዲያ ምን ይባላል? መስኮትሽ ናት ጉድ የሠራችን! ያቺ መስኮትሽ!»

በትዳራቸው እንዲህ ጮኾ አያውቅም። እሱ ራሱ ደነገጠ። እማማ ብቻ ከጃንጥላው ሥር «መስኮቴን አትንኩብኝ» አለች።

«ደውልና ጠይቅ» አለችው ሚስቱ፣ ለእሷ ዝቅ ባለ ድምፅ፤ ማለት መንገድ ድረስ ብቻ በሚሰማ።

«ባንክ ይጠየቃል እንዴ? ባንክ ይጠይቃል እንጂ!»

ስልኩን ነጥቃው ራሷ ደወለች። ጥሩ አንደበት ያላት ሴት ከስልኩ ውስጥ «ውድ ደንበኛችን፣ የሥራ ሰዓት አብቅቷል፤ ስለመረጡን እናመሰግናለን» አለቻት። «እኔ አልመረጥኩሽም» ብላ ዘጋችባት።

ጀምበር ሳትጠልቅ አለቀ ደቀቀ ደረሰ። ክራቫት አስሯል፤ ክራቫት ሲያስር ሰው ቤቱን ይሸጣል ማለት ነው። ከኪሱ የተጻፈ ወረቀት አውጥቶ የእማማ አልጋ ጫፍ ላይ ዘረጋው።

«አንድ ሩህሩህ ሰው አገኘሁላችሁ። ባንኩ ነገ ቤቱን ሲወስድና በጨረታ ሲቸበችበው ለእናንተ የሚተርፋችሁ ዕዳና ሐሜት ነው። ይሄ ሰው ግን ዛሬ ስሙን ካዞራችሁለት ዕዳውን እንዳለ ይረከባል። ለእናንተ ደግሞ የመኪና ኪራይ ይሰጣችኋል፤ ዕቃችሁን የምትጭኑበት።»

«የመኪና ኪራይ?» አለች ሚስቱ። «እንዴት ያለ ልብ ነው ያለው ጃል! ቆይ፣ ባንክ ነገ የሚወስደውን ቤት ዛሬ የሚገዛ ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«አዛኝ ሰው ነው እህቴ።»

«አዛኝ ቅቤ አንጓች! እኔ አልፈርምም።»

ደላላው ወደ ባልየው ዞረ፤ ድምፁን ለዘብ አደረገ። «ጋሼ መጋረጃ፣ ባንተ ይሁን እንጂ። ሱሪ የታጠቀው ማነው በዚህ ቤት?»

«ሱሪውን እሱ ታጥቋል» አለች ሚስቱ፣ «ቀበቶው ግን እኔ ጋ ነው።»

ግቢው በሳቅ ተሞላ። ጋሼ መጋረጃ ግን አልሳቀም። ደላላው ብዕሩን መዳፉ ውስጥ አስቀምጦለት ነበር። ያንን ብዕር መመለስ እንዴት እንደከበደው እኔ ነኝ የማውቀው፤ እኔም ሰው እጄ ላይ ያስቀመጠውን መመለስ አልችልም። አንድ ጊዜ ወረቀቱን አየ፣ አንድ ጊዜ ሚስቱን። እሷ አሁን አትጮኽም። አጎንብሳ የአልጋውን ልብስ ከሣሩ ላይ ታነሳለች። ሰውየው ያን ጊዜ ምን እንደሚያጣ ገባው። ባንኩ ቢወስድበት የባንክ ጉልበት ነው፤ እሱ ቢፈርም ግን ይቺ ሴት ዕድሜ ልኳን ቀና ብላ አታየውም።

«ጠዋት» አለ በመጨረሻ። «ጠዋት እንየው።»

«ጠዋትማ ይለቀቃል!»

«ጠዋት ይሁን» አለ ደግሞ፣ ብዕሩን እንደያዘ።

አለቀ ደቀቀ «ከባለሙያው ቀድሜ እገኛለሁ» ብሎ ሄደ፤ ብዕሩን ግን አልተቀበለውም፤ እንደ መያዣ መሆኑ ነው። እነሱም ፍራሽ ብቻ መልሰው አስገብተው ባዶ ቤት ውስጥ አደሩ። ባዶ ቤት ያስተጋባል፤ ሚስቱ አንድ ጊዜ ስታስነጥስ ቤቱ ሦስቴ አስነጠሰ ይላል።

በማግስቱ የባንኩ ባለሙያ በሞተር መጣ። ረጅም ነው፣ ትሁት ነው፣ ወገቡ ላይ የመለኪያ ሜትር አንጠልጥሏል። ደላላው እንዳለው ቀድሞት ደጁ ላይ ቆሟል፤ ወረቀቱን በደረቱ አስደግፎ። ባለሙያው ግቢ የሞላውን ዕቃ አየ፤ አልጋ ላይ ለተቀመጠችው ለእማማ እጅ ነሣ፤ ምንም ሳይል ወደ ውስጥ ገባ። ጣሪያውን አየ፣ እርጥበቱን በጣቱ ነካ፣ ጻፈ። ሳሎኑን ለካ፣ ጻፈ። ከዚያ ወጥ ቤት ገባ። ጋሼ መጋረጃ ከኋላው ተከተለው። ባለሙያው ግድግዳውን ደገፍ ሊል ክንዱን ሰደደ፤ ግድግዳው ገባ አለለት። መጋረጃውን ያዝ አድርጎ ገለጠው።

«ይሄ መስኮት ፕላኑ ላይ የለም።»

«የ... የለም» አለ ጋሼ መጋረጃ።

ባለሙያው አንገቱን አውጥቶ ውጭውን አየ፤ አየር ሳበ። «ጥሩ ነው። እርጥበቱን ይቀንሳል» አለና እሱንም ጻፈ። ደብተሩን አጠፈ፣ ሁሉንም ጨበጠ፣ ወደ ሞተሩ እየሄደ «በቃ፣ ጨርሰናል። ከሰዓት ይለቀቃል» አለ።

«ሰማህ?» አለ ደላላው በሹክሹክታ፣ ወረቀቱን ጋሼ መጋረጃ ሆድ ላይ ለጥፎ። «ከሰዓት አለ እኮ! ያችን ፊርማ አሁን ጣል አድርግና ተገላገል!»

ሚስቱ በሩ ላይ ቆማለች። አትናገርም። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ዝም ስትል ያየኋት። ባለሙያው ቆቡን አጠለቀ፣ ሞተሩን ረገጠ። ጋሼ መጋረጃ አፉን ከፈተ፤ ምንም አልወጣም። ሞተሩ ተነሣ። እንደገና ከፈተ።

«ምኑ?»

አቤት አጯጯኹ! እማማ ክሯ ተበተነባት። የላይኛዋ ጎረቤት ከአጥሯ ብቅ አለች። ባለሙያው ሞተሩን አጠፋ።

«አቤት አባት?»

«ምኑ... ይቅርታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና... ምኑ ነው የሚለቀቀው?»

«ብድሩ ነዋ!» አለ ባለሙያው፣ ግራ ገብቶት። «የጣሪያው ጥገና ብድር። የጠየቁት እርስዎ አይደሉም እንዴ? ሌላ ምን ይለቀቃል?»

ከዚያ ባለሙያው ዕቃውን በዓይኑ ዞር ዞር ብሎ አየና «ለመሆኑ ይሄ ሁሉ ዕቃ ምነው ወጣ?» አለ።

የሚስቱ ድምፅ ተመለሰ። «ጣሪያው ሲፈርስ አቧራ እንዳይበላው ብለን ነዋ!»

«ደንበኛ ሁሉ እንደ እናንተ ቢሆን!» ብሎ ደብተሩን ገለጠ፤ ከምስጋና ጋር አንድ ነገር አስፍሮ ሄደ።

አለቀ ደቀቀ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ ኪሱ ከቷል። «ትናንት አትቸኩል ብዬህ አልነበረም?» አለው ጋሼ መጋረጃን፣ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ። «ይኸው አለቀ ደቀቀ። በነገራችን ላይ ጎበዝ ጣሪያ ሠሪ አለኝ።»

«ብዕርህን እንካ» አለው ጋሼ መጋረጃ። ሌላ አልተናገረውም። እሱን ያለው ግን ዓይን ዓይኑን እያየ ነው።

ዕቃ ማስገባቱ የዚያን ቀን ሥራ ሆነ። ትናንት ጎልማሳ የነበረው ሁሉ ዛሬ ወገቡን ይዟል። ቁምሳጥኑን ያስገባነው ያው እኔና እሱ ነን። መሰላሉ ሲጠየቅ «የትኛው መሰላል?» ተባለ። በርሜሉ ደግሞ በክፍል በክፍል ነው የመጣው፤ መጀመሪያ ክዳኑ፣ ቆይቶ በርሜሉ፣ ውስጡ የነበረው ውሃ ግን አልተመለሰም። እማማ «እዚህ አየር አለ፤ እኔ አልገባም» ብላ ስላስቸገረች ከነአልጋዋ አንሥተን አስገባናት።

በማግስቱ ጠዋት፣ ብድሩ ተለቅቋል፤ ገንዘቡን ለመውሰድ የቀረው ፊርማ ነው ተብሎ ስለተጠራ፣ ጋሼ መጋረጃ ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ የብድሩን ውል ሊፈርም ባንክ ሄደ። እኔንም ለምስክር ብሎ ይዞኝ ነበር። ሰልፉ እስከ በሩ ነው። ተራው ሲደርስ ልጅቷ ወረቀቶቹን እንደ ካርታ ደርድራ ጣቷን ታሯሩጥ ጀመር።

«አባት፣ እዚህ ጋ፣ እዚህ ጋ፣ ከዚያ እዚህ ጋ። ፊርማ ብቻ ነው።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ጣቷ ሳይነሣ ይፈርም ነበር። አሁን ብዕሩን አስቀመጠ። ጆሮው በሐፍረት ቀልቷል፤ አየሁት።

«ይቅርታ የኔ ልጅ። እዚህ ጋ ‹በወቅቱ ካልተከፈለ ይወሰዳል› ይላል። ምኑ?»

«መያዣው ነዋ።»

«መያዣው ማለት ምኑ?»

«ቤቱ ነው አባት።»

«ቤቱ ሙሉውን ነው ወይስ የተበደርነው ለጣሪያው ስለሆነ ጣሪያው ብቻ?»

ልጅቷ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቆመችና ወረቀቱን አዙራ አነበበችው። «ይሄንን እንኳ አለቃዬን ልጠይቅ» ብላ ተነሣች። አለቃዋ መነጽሩን ሰቅሎ መጣ፤ አነበበ፤ እሱም «አንዴ» ብሎ ሌላ ክፍል ገባ። ከኋላችን ያለው ሰልፍ ማጉረምረም ጀመረ። አንድ ቦርሳ የታቀፈ ጎልማሳ «አባት፣ ፈርመው ይውረዱልን እንጂ! ሁላችንም እኮ እንዲሁ ነው የምንፈርመው!» አለው።

ጋሼ መጋረጃ ዞር ብሎ አንገቱን ሰበረ። «ይቅርታ ልጄ፤ ልክ ነህ» አለው። ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ሁለተኛውን ገጽ ገለጠ።